«ጂኖም ብቻ ጫኑ» ላልከው ወንድማችን፣ ላፕቶፑን አይተኸዋል?

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ነበር፣ እኔ ጋ ብቻ አራት ሰው ነው ፎርዋርድ ያደረገው፣ አንዱማ «ያንተን ሥራ ነው የሚያጣጥለው» ብሎ በሳቅ ስቲከር አጅቦ ነው የላከልኝ። ሐሳቡ ባጭሩ «ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፕ ማለት ጂኖም ነው፣ ሌላውን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነው (ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም ነው፣ ጂኖም ደግሞ ፊት ለፊት ከሚታዩት መልኮቹ አንዱ ነው)። አነበብኩት፣ ልጁ መጻፍ ይችላል፣ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ሐሙስ ዕለት አንድ ተማሪ ይሄንኑ ጽሑፍ አምኖ 4 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጂኖም ጭኖ፣ ሦስት ቀን ታግሎ ታግሎ፣ «ሊኑክስ የሚባል ነገር አይረባም፣ ዊንዶውሴን መልስልኝ» እያለ ፒያሳ ያለችው ሱቄ ድረስ መጣ። ያኔ ነው መልስ ልጻፍ ያልኩት።

እኔ ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ጎን ለጎን ጽሕፈትና ፕሪንት አለ። ደንበኞቼ ከሰኞ ገበያም ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ዩዝድ ላፕቶፕ ታቅፈው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ካቆመ ወዲህ «ዊንዶውስ 11 አልጫንም አለኝ፣ ምን ይሻለኛል» የሚለው በዝቷል። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኢንቴል አይቀበልም፣ እኔ ጋ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ነው። ቸግሯቸው ለመጡ ሰዎች ነው እንግዲህ ሊኑክስ የምጭነው፣ ይሄን ያዙልኝ።

ለማያውቅ ሰው በአንድ አፍ ላስረዳ። ሊኑክስ ላይ ውስጥ ሆኖ ሃርድዌሩን የሚያዘው ከርነል ሌላ ነው፣ ፊት ለፊት የምታየው መስኮቱ፣ ታስክባሩ፣ ሜኑው፣ ሴቲንጉ ሌላ ነው። ይሄ ፊት ለፊቱ ነው ዴስክቶፕ ኢንቫይሮንመንት የሚባለው። ዊንዶውስ የሚሰጥህ አንድ ነው፣ እዚህ ግን ጂኖም አለ፣ ኬዲኢ አለ (አሁን ፕላዝማ ነው የሚሉት)፣ ኤክስኤፍሲኢ አለ፣ ሲናሞን፣ ማቴ፣ ኤልኤክስኪዩቲ፣ ሌላም ሌላም።

ጸሐፊው ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ጂኖም ስታንዳርድ ነው፣ ትልልቆቹ ዲስትሮዎች (እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያሉ ተዘጋጅተው የሚታደሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) ይዘውት ስለሚመጡ ለሥራም የሚጠቅመው እሱን መልመድ ነው ይላል። ኬዲኢ ከባድ ነው ይሰባበራል፣ ኤክስኤፍሲኢ የሞተ ፕሮጀክት ነው ይላል። አማርኛ በትክክል የሚጻፈው ጂኖም ላይ ብቻ ነው ይላል። ከዛ ከራሱ ገጠመኝ ተነስቶ ኬዲኢ ሲሞክር ዋይፋዩ እንደጠፋበትና ፕሪንተሩ እምቢ እንዳለው ይነግረናል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይሄ ሁሉ ምርጫ የሊኑክስ በሽታ ነው፣ ሁሉም ተሰብስቦ አንዱ ላይ ቢሠራ ዊንዶውስን ድሮ በጣለው ነበር ይላል። ከዚህ ውስጥ የምስማማበት አለ፣ ስደርስበት እናገራለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከዋይፋዩ። ወንድሜ፣ ዋይፋይ የዴስክቶፕ ጉዳይ አይደለም። ካርዱን የሚያነሳው ከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨርና አብሮት የሚጫነው ፈርምዌር (የካርዱ የራሱ ፕሮግራም) ነው፣ ከሱ በላይ ኔትወርክ ማኔጀር የሚባለው አለ፣ እሱ ደግሞ ጂኖምም ላይ ኬዲኢም ላይ አንድ ነው፣ የሚለየው ላዩ ላይ የምትጫናት አይከን ብቻ ናት። ራስህ እንደጻፍከው ጂኖሙን የሞከርከው ኡቡንቱ ላይ ነው፣ ኬዲኢውን ደግሞ የድሮ ዴቢያን ላይ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀይረህ ጥፋቱን ለአንዱ ሰጠኸው ማለት ነው። ዴቢያን እኮ በ2023 (የፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ቁጥር 12 እስኪወጣ ድረስ ነጻ ያልሆነ (ኮዱ ለሰው ያልተከፈተ) ፈርምዌር ዋናው የመጫኛ ፋይል ውስጥ አያስገባም ነበር፣ ያኔ ጂኖም ብትጭንበትም ዋይፋይህ ያው ይጠፋ ነበር። ፕሪንተሩም እንደዛው፣ ከሥር ሆኖ ፕሪንቱን የሚመራው ካፕስ የሚባለው ነው፣ የትኛውም ዴስክቶፕ ላይ ያው ካፕስ ነው። ይሄን ለማጥቃት አይደለም የምለው፣ እኔም መጀመሪያ ስጀምር አንድ ሙሉ ቀን ዴስክቶፕ ስቀያይር ውዬ በኋላ ችግሩ ጎን ላይ ያለችው የዋይፋይ ማጥፊያ ቁልፍ ሆና አግኝቻታለሁ፣ ሳቅ በሳቅ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ክብደቱ።

ኬዲኢ ከባድ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ውሸትም አልነበረም። ጃንዋሪ 2008 ላይ ኬዲኢ 4.0 ሲወጣ ገና ያልበሰለ ነበር፣ ብዙ ሰው ያኔ ተማርሮ ሄዷል፣ የመጣው ስም እስካሁን አልለቀቀውም። ከዛ ግን ፕላዝማ 5 በ2014 መጣ፣ ፕላዝማ 6 በ2024 መጣ፣ መሀል ላይ ሰዎቹ ቁጭ ብለው የማቅለል ሥራ ሠርተዋል። እኔ የሰማሁትን አላወራም፣ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ አንድ የሙከራ ላፕቶፕ አለችኝ፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ፣ 4 ጊጋ ራም፣ የድሮ የሚሽከረከር ሃርድዲስክ። አንድ ዴቢያን ላይ ሦስቱንም ጭኜ፣ ከፍቼ አምስት ደቂቃ ጠብቄ፣ ምንም ፕሮግራም ሳልነካ ራሙን አየሁ። ኤክስኤፍሲኢ 650 ሜጋ አካባቢ ያዘ፣ ኬዲኢ አንድ ጊጋ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፣ ጂኖም 1.2 አለፈ። እኔ ማሽን ላይ ነው ይሄ፣ እናንተ ጋ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ግን ጽሑፉ «ከባድ» ያለው «ቀላል» ካለው ባነሰ ነው የተቀመጠው፣ ይሄ ቢያንስ ሊያስጠይቀን ይገባል።

ጸሐፊው «እኔ ላፕቶፕ ላይ ጂኖም እንደ ውሃ ነው የሚሄደው» ብሏል፣ አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ላይ ራሱ 16 ጊጋ ራም እንዳለው ነግሮናል። 16 ጊጋ ላይ የግማሽ ጊጋ ልዩነት ምንም አይደለም። ይሄን ነገር ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሁሉም መኪና ይሄዳል፣ የተጫነውም ባዶውም እኩል ነው የሚመስለው። ሐረጎ ዳገት ላይ ስትደርስ ግን መታጠፊያው ላይ ማን ምን እንደጫነ ያስታውቃል፣ ባዶው ሚኒባስ እየጨፈረ ያልፋል አይሱዙው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። ላፕቶፕም እንደዛ ነው፣ ዳገቱ ብራውዘር ነው። ፌስቡክ፣ ዩቱብ፣ አንድ ሁለት ፒዲኤፍ ስትከፍት ብራውዘሩ ብቻውን ከዴስክቶፑ በላይ ይበላል፣ 4 ጊጋ ላይ ዴስክቶፑ ቀድሞ 1.2 ከወሰደ ቀሪው ቶሎ ያልቅና ሲስተሙ ወደ ስዋፕ (ዲስኩን እንደ ራም ወደ መጠቀም) ይገባል፣ ስዋፑ ያለው ደግሞ የሚሽከረከረው ሃርድዲስክ ላይ ነው፣ ከዛማ ማውሱ ራሱ ይቆማል። የሐሙሱ ልጅ የደረሰበት ይሄ ነው። ሊኑክስ አይደለም ያስቸገረው፣ ጂኖም ከኤክስኤፍሲኢ በላይ የወሰዳት ያቺ ስድስት መቶ ሜጋ ናት።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጠው። ኬዲኢ ሲጫን ባሉ የሚባል ፋይል እየዞረ የሚመዘግብ ነገር አብሮት ይነሳል፣ ዘገምተኛ ሃርድዲስክ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ያንገላታል፣ እሱን ያላጠፋ ሰው «ኬዲኢ ከባድ ነው» ቢል አልፈርድበትም። እኔ እንዳስረከብኩ ሳይሆን ሳልሰጥ ነው የማጠፋው፣ ኢፌክቶቹንም እንደዛው። እና ሌላ፣ ብር ካለ ዴስክቶፕ ከመቀየር በፊት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) መግዛት ይሻላል፣ ይሄን ለደንበኛ ስነግር ዴስክቶፕ የምቀይርበትን አጣለሁ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ስታንዳርድ የሚለውን እንይ። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሬድ ሃት፣ ፌዶራ ዎርክስቴሽን ሲጫኑ ጂኖም ይዘው ይመጣሉ፣ ትክክል፣ አልከራከርም። ግን ያው ፌዶራ በ2025 ቁጥር 42 ላይ ኬዲኢውን ከዎርክስቴሽኑ እኩል ደረጃ ሰጥቶታል። ስቲም ዴክ የምትባለው የጌም ማጫወቻ ዴስክቶፕ ሞዷ ኬዲኢ ነው። ሚንት የሚባለው ዲስትሮ በሲናሞን ነው የሚታወቀው። ደሞ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ፣ ጸሐፊው ስክሪንሾት አድርጎ የለጠፈው «ጂኖም» በግራ በኩል ሁሌ የሚታይ ዶክ (የፕሮግራም አይከኖች መደርደሪያ) አለው፣ ዴስክቶፑ ላይ አይከን አለው፣ መስኮቱ ላይ ማሳነሻ ቁልፍ አለው። ይሄ ኡቡንቱ በኤክስቴንሽን (ላዩ ላይ በሚጫን ተጨማሪ) እና በሴቲንግ የለወጠው ጂኖም ነው። ጂኖም ከሠሪዎቹ እጅ እንደወጣ ሲመጣ ዶኩ ተደብቆ ነው፣ ዴስክቶፑ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ላይ መዝጊያዋ ኤክስ ብቻ ናት። ስታንዳርድ ነው ያልከውን ነገር ኡቡንቱ ራሱ እንዳለ ሊሰጥህ አልደፈረም እኮ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያልተነካካ ጂኖም ጭኜ ብሰጣቸው በማግስቱ መጥተው «ልጄ፣ ይሄን መስኮት የት ነው ዝቅ የማደርገው? ወይ ልዝጋው ወይ አፍጥጦ ይየኝ?» አሉኝ፣ እኔም አፈርኩ። አሁን ሲናሞን ላይ ናቸው፣ ከታች በግራ ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የለመዱት እጃቸው ያውቀዋል፣ ከዛ በኋላ የመጡት ፕሪንት ለማድረግ ብቻ ነው።

ለሥራ ይጠቅማል የሚለው ደግሞ ... የሊኑክስ ሥራ ማለት በአብዛኛው ሰርቨር ነው፣ ሰርቨር ላይ ጂኖምም ኬዲኢም የለም፣ ጥቁር ተርሚናል ነው። ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ልጆች ስለ ዴስክቶፕ ሲጨቃጨቁ የሚያጠፉት ጊዜ ያሳዝነኛል (እኔ ራሴ ይሄን ስጽፍ እያጠፋሁ እንደሆነ ይታወቅልኝ)።

ኤክስኤፍሲኢ ሞቷል? አልሞተም። በ1996 ኦሊቪዬ ፉርዳን የሚባል ፈረንሳዊ የጀመረው ነው፣ 4.18 ዲሴምበር 2022 ወጣ፣ 4.20 ዲሴምበር 2024 ወጣ። በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ቀስ ያለ ነው በሉት፣ ሬሳ አትበሉት። እኔ እንደውም ቀስ ማለቱን ነው የምወድለት፣ ጂኖም በየስድስት ወሩ አዲስ ሲያወጣ ሰው የጫናቸው ኤክስቴንሽኖች አብረው ይሰናከላሉ፣ «ትናንት ነበረ ዛሬ ጠፋ» የሚል ስልክ ይመጣልኛል። ኤክስኤፍሲኢ የጫንኩለት ሰው ግን ከደወለ ለሰላምታ ነው። ጸሐፊው ኤክስኤፍሲኢ ዌይላንድ ላይ (መስኮቶቹን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አዲሱ ዘዴ ነው፣ የድሮው ኤክስ 11 ይባላል) ወደ ኋላ ቀርቷል ማለቱ ግን ልክ ነው። ጂኖም በ49ኛው እትሙ፣ ሴፕቴምበር 2025 ላይ፣ የድሮውን የኤክስ 11 ሴሽን ሲጫን ጠፍቶ እንዲመጣ አድርጓል፣ ኬዲኢም በዛው መንገድ ላይ ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ ግን 4.20 ላይ ገና ለሙከራ ያህል ነው ዌይላንድን የነካካው። በጣም ጥራት ያለው ስክሪን ወይም ሁለት ዓይነት ሞኒተር ያለው ሰው ይሄ ይሰማዋል። 1366 በ768 ስክሪን ይዞ የሚመጣው የኔ ደንበኛ ግን አይሰማውም።

አማርኛው ላይ ረጋ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያደናገረው ይሄ ይመስለኛል፣ እኔም የምበላው በአማርኛ ጽሕፈት ነው።

አማርኛ እንዲጻፍ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፣ ፎንትና ማስገቢያ። ፎንቱ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ከተጫነ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ይታያል፣ በዚህ ክርክር የለም። ማስገቢያው አይባስ የሚባለው ነው፣ ከሱ ጋ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ጥቅል ስትጭን ሴራ የሚባለው የአማርኛ አጻጻፍ ይመጣል፣ በላቲን ፊደል «ሰላም»ን እንደ ድምጹ ስትጽፈው ሰላም ይሆናል። ኪይማንንም የሚመርጥ አለ፣ እሱም ሊኑክስ ላይ በአይባስ በኩል ነው የሚሠራው። ታዲያ ጂኖም አይባስን ከራሱ ጋ አጣብቆታል፣ ሴቲንግ ትገባለህ፣ ኪቦርድ፣ አማርኛን ትጨምራለህ፣ አለቀ። ይሄ የጂኖም ጥሩ ሥራ ነው፣ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፣ ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት ያበላሸችው። ሚንት ላይ ኢንፑት ሜተድ የምትል አለች፣ አይባስን መርጠህ ወጥተህ ትገባለህ፣ ከዛ ሲናሞንም ይሁን ኤክስኤፍሲኢ ይጽፋል። ኬዲኢ ላይ ነው ትንሽ ጉድ ያለው፣ ዌይላንድ ላይ ከሆንክ አይባስን የምታበራው ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ «ቨርቹዋል ኪቦርድ» የሚል ቦታ ገብተህ ነው፣ አሁን ማን ነው አማርኛ ልጻፍ ብሎ ቨርቹዋል ኪቦርድ ውስጥ የሚፈልግ? እኔም ሰው አሳይቶኝ ነው ያወቅኩት። ጸሐፊው እዛ ሳይደርስ «አይሠራም» ቢል አልገረምም፣ ግን ይሠራል፣ ሱቄ ውስጥ የሚጽፈው ልጅ ዓመት ሙሉ ማመልከቻና ውል ሲጽፍ የከረመው ኬዲኢ ላይ ነው።

ደሞ ለታሪክ ያህል፣ የድሮው ኬዲኢ 4 ሴቲንጉ ውስጥ ከካሌንደሮቹ መሀል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንደ አንድ ምርጫ ያስቀምጥ ነበር። በኋላ ውስጡን ሲገነቡት ያ ነገር ቀረ፣ እኔን እስካሁን ይቆጨኛል። «ኬዲኢ ለኛ አያስብም» የተባለው ላይ ይሄን ማንሳት ፈልጌ ነው።

«ኬዲኢ ላይ የአማርኛ ፋይሌ ተበላሸ» ያለውም አለ ጽሑፉ ላይ። ያ ፋይል በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር፣ ዩኒኮድ (ፊደሉን ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ቁጥር የሚያውቅበት ደንብ) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሁሉ፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ ጉራማይሌ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ኢትዮፒክ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ከዛ በኋላም ብዙ ቢሮ ለዓመታት በድሮው ሲጽፍ ኖሯል፣ የዛ ዕዳ ነው አሁን የሚከፈለው፣ ዴስክቶፕ ብትቀያይር አይድንም።

የቀረው «ሁሉም ተሰብስቦ አንዱ ላይ ይሥራ» የሚለው ነው። ስትሰማው ደስ ይላል። ግን እስቲ በታሪኩ እንፈትነው። ኬዲኢ የተጀመረው በ1996 ነው፣ ማቲያስ ኤትሪሽ የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ ነው የጠራው። የተሠራው ኪዩት በሚባል ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ነበር፣ ኪዩት ደግሞ ያኔ ፈቃዱ ሙሉ ነጻ አልነበረም። ይሄ ያልተዋጠላቸው ሰዎች፣ ሚጌል ደ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና፣ በ1997 ሌላ ዴስክቶፕ እንሥራ ብለው ተነሱ። ያ ሌላ ዴስክቶፕ ምን ይባላል? ጂኖም ይባላል። ያኔ ሰዉ ሁሉ «አንድ አለን ይበቃናል፣ አትከፋፍሉን» ቢል ኖሮ ዛሬ ጸሐፊው የሚሟገትለት ነገር አይወለድም ነበር። እንደውም ፉክክሩ ሲጠነክር በ2000 ኪዩት ራሱ በጂፒኤል (ማንም ኮዱን አይቶ እንዲቀይረውና እንዲያካፍለው በሚፈቅደው ፈቃድ) ነጻ ሆኖ ወጣ፣ ሁለቱም ተጠቀሙ። አንድ እናድርገው ተብሎ የተሞከረበትም ጊዜ አለ፣ የኡቡንቱ ባለቤቶች ዩኒቲ የሚባል የራሳቸውን ዴስክቶፕ በ2011 ዋና አድርገው፣ ለስልክም ለቲቪም ለኮምፒውተርም አንድ ይሆናል ብለው ደክመው፣ በ2017 ትተውት ወደ ጂኖም ተመለሱ። በዛው በ2011 ጂኖም 3 ሲመጣ የድሮውን መልክ የወደደ ሰው ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር፣ ማቴ የድሮውን ጂኖም 2 ኮድ ወስዶ አተረፈው፣ የሚንት ሰዎችም ሲናሞንን ሠሩ። ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ያኔ ጂኖም 3ን ጠልቶ ኤክስኤፍሲኢ ገብቶ፣ በኋላ ወደ ጂኖም ተመልሷል። ሰውየው ከርነሉን የሠራው ሆኖ እንኳ አንዱ ላይ አልረጋም፣ የኛን ተማሪ ለምን እንቸነክረዋለን።

ምርጫ ሲበዛ ጀማሪ ይደናገራል የሚለውን ግን እቀበላለሁ። ሱቅ መጥቶ ስድስት ስም የሚጠራልኝ ልጅ ሁሌ ግራ ተጋብቶ ነው። የኬዲኢ ሴቲንግም ለአንዳንድ ሰው ገበያ ነው፣ ገብቶ ይጠፋበታል። ማየት ለሚቸገር ሰው ስክሪን የሚያነበውን ኦርካን የምጭነው ጂኖም ላይ ነው፣ እዛ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ታችፓድ በሦስት ጣት መግፋቱም ጂኖም ላይ ያምራል። 8 ጊጋና ኤስኤስዲ ላለው፣ አዲስ ነገር ለመልመድ ለማይፈራ ሰው እኔም ጂኖም እጭናለሁ፣ ብዙ ጭኛለሁ።

የሐሙሱን ልጅ ዊንዶውስ አልመለስኩለትም። ያለውን ሳላጠፋ ኤክስኤፍሲኢ ጎኑ ላይ ጨመርኩለት፣ መግቢያው ላይ ፓስወርድ ከመጻፉ በፊት የትኛውን እንደሚፈልግ ይመርጣል፣ ሁለቱም አንድ ሲስተም ላይ አሉ፣ ፋይሉም ያው ነው። ጂኖሙን ለምን አላጠፋህልኝም ሲለኝ «ራም ስትጨምር ትመለስበታለህ» አልኩት።

ጸሐፊውም፣ ኮምቦልቻ ነኝ ብለሃል ጽሑፉ ላይ፣ ሩቅ አይደለህም። ቅዳሜ ሐረጎን ውጣና ና፣ ያቺን 16 ጊጋህንም ይዘሃት ና። ሦስቱም ዴስክቶፕ የተጫነባት የሙከራዋ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ እንደፈለግክ አገላብጣት። ሻይ በኔ ነው፣ ሃርድዲስኳ ጂኖምን እስክታነሳ አንድ ብርጭቆ ያልቃል።